አለሁ የምትለው ቁልፍ

የቤቱ የመጨረሻ ልጅ በመሆኗ ሚጡ ተብላ፣ ሚጡ እንደተባለች የቀረችው መሐንዲስ በሠላሳ ስድስት ዓመት ዕድሜዋ ከሠራቻቸው ነገሮች ሁሉ የምትኮራው የክብሪት ቀፎ በምታክል አንዲት ዕቃ ነበር። አንገት ላይ የምትንጠለጠል፣ መሀሏ ላይ ቀይ ቁልፍ ያላት ነገር ናት። ስሟን «አለሁ» ብላ ያወጣችላትም ራሷ ናት። በየዐሥር ደቂቃው ያለ ምንም ሽቦ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ወደ ዘበኞች ክፍል ትልካለች፤ እዚያ ያለው ሰሌዳ ላይ የተሸካሚዋ መብራት አረንጓዴ ብልጭ ይላል። ሰውየው ችግር ከገጠመው ደግሞ ቀዩን ቁልፍ ይጫናል። ያኔ መብራቱ ይቀላል፣ ሳይረኑ ያምባርቃል፣ ሰው ሮጦ ይደርስለታል። የተሠራችው ሥጋና ዓሣ በሚከማችባቸው ትልልቅ የማቀዝቀዣ መጋዘኖች ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። እዚያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው። በር የተቆለፈበት ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮህ ግድግዳው ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል።

ሚጡ ጥንቁቅ ናት፤ ጥንቃቄዋ ሰው ያሰለቻል። ድርጅቱን አብሯት የመሠረተው ታላቅ ወንድሟ፣ ገዢ የሚያግባባውና ውል የሚፈራረመው እሱ ነው፣ «አንቺ እኮ ውሃ ስትጠጪም ብርጭቆውን ፈትሸሽ ነው» እያለ ያበሽቃታል። «አለሁ»ን ለገበያ ከማውጣቷ በፊት ዐሥራ ሁለቱን በጓዳ ክፍል በነበረው ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ ዓመት ሙሉ አስቀምጣ ፈትናቸዋለች። ዘወትር ሰኞ ጠዋት ፍሪዘሩን ትከፍትና የዐሥራ ሁለቱንም ባትሪ በአዲስ ትቀይራለች፤ የባትሪ ጣጣ ፈተናውን እንዳይበጠብጥባት። ከዚያ እያንዳንዷን ቁልፍ ተጭና ሳይረኑን ትሰማለች፣ መዝገቧ ላይ ምልክት ታደርጋለች። አብረዋት የሚሠሩት ሁለት በያጆች «ዛሬ ሰኞ ነው፣ ባትሪዎቹ ቅያሬ ልብስ የሚለብሱበት ቀን» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። በዓመቱ ውስጥ አንዷም ሳትስት ጮኸች።

ያላሰበችው ነገር የለም ለማለት ትንሽ ነው የቀራት። ወፍራም ካፖርት ሲግናሉን ስለሚያደክመው፣ መመሪያው ላይ በትልቁ «ከካፖርት በላይ ይንጠልጠል» ብላ አስጻፈች። ዕቃዋ በሆነ ምክንያት ጠፍታ ስትነሣ ሰሌዳው ለጥቂት ደቂቃ ይጨልምና ዘበኞቹ በከንቱ ይደነግጡ ነበር፤ እሱንም አስተካከለች። ጠፍታ በተነሣች ቁጥር፣ ከሁሉ ነገር በፊት «አለሁ፣ ባትሪዬም ደህና ነው» እንድትል አደረገቻት። በዚህች ማስተካከያ ደንበኞቹ ሁሉ ተደሰቱ። ወንድሟም ግንባሯን ስሞ «ሚጡዬ፣ አንቺ ባትኖሪ እኔ ይሄኔ ሶፋ ሻጭ ነበርኩ» አላት።

ከዚያ አንድ እሑድ አንድ ሰው ሞተ።

ሰውየው የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ጓደኞቹ ምድጃው ይሉታል፤ ጓንት ሳያደርግ የበረዶ ካርቶን የሚያነሣ፣ ብርድ የማይበግረው ሰው ነበርና። እሑድ ከሰዓት ተረኛ ሆኖ ብቻውን ዕቃ ሊቆጥር ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ፤ የውስጡ እጀታ በረዶ ጋግሮበት አልንቀሳቀስ አለ። ያገኙት ሰኞ ጠዋት ነው፣ በሩ ሥር ጉልበቱን አቅፎ እንደተቀመጠ። «አለሁ» አንገቱ ላይ ነበረች፣ እንደ መመሪያው ከካፖርቱ በላይ። የሌሊቱ ዘበኛ መብራቱን በየዐሥር ደቂቃው አረንጓዴ ሲል እያየ አድሮ፣ ሰውየው ዕቃዋን ኮሪደሩ ላይ ሚስማሩ ላይ ሰቅሏት የሄደ መስሎት ነበር።

ለቅሶው ላይ ወንድምና እህት አብረው ሄዱ። ወንድምየው የሟቹን ሚስት እጅ ይዞ አጠገቧ ቁጭ አለ። አንደበቱ ርቱዕ ነው፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ከልቡ ነበር የተናገረው።

«እትዬ፣ ብርድ እንቅልፍ ነው የሚያመጣው። ነቅተው ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ይጫኑ ነበር። አልተጫነም፤ ሰሌዳው ላይ ምንም የለም። ተኝተው ነው የሄዱት። አልተሠቃዩም።»

«እውነትህን ነው?» አለች ሴትየዋ። «አልተሠቃየም?»

«አልተሠቃዩም።»

ሴትየዋ ወደ ሚጡ ዞረች፣ መሐንዲሷ እሷ መሆኗን ነግረዋት ነበርና። ሚጡ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሴትየዋም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተንፈስ አለች።

ከሳምንት በኋላ የመጋዘኑ ኃላፊ ስለ መሣሪያው አጭር ሪፖርት ስለፈለገ ሚጡ ዕቃዋንና የሰሌዳውን መዝገብ ልትወስድ ሄደች። ዘበኛው፣ ያን እሑድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተረኛ የነበረው ሽማግሌ፣ ዕቃዋን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጣት።

«እሷን እንዳትወቅሺያት ልጄ» አላት። «ያን ዕለት እንዲያውም ከወትሮው በላይ ስትሠራ ነው የዋለችው።»

«እንዴት ማለት አባባ?»

«የሱ መብራት ቶሎ ቶሎ ነበራ የሚበራው! አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ በደቂቃ ሁለት ሦስቴ። እኔ ሞኙ ‹ምድጃው ዛሬ ሥራ ሞቆለታል› ብዬ ስቄያለሁ።»

«አለሁ» በዐሥር ደቂቃ አንዴ ነው የምትናገረው። እንደዚያ አድርጋ የሠራቻት እሷው ናት፤ በደቂቃ ሦስቴ የምትልበት ምክንያት የለም። ማለት፣ አንድ ምክንያት ብቻ አለ።

ቢሮዋ ገብታ በሩን ቆለፈች። መዝገቡን ኮምፒውተሯ ላይ ዘረጋችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በየዐሥር ደቂቃው፣ አንድም ሳይዛነፍ፣ «አለሁ»። ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ላይ ከተራው ውጪ «አለሁ»። ከዐሥራ ሁለት ከግማሽ «አለሁ»። ከዐሥራ ሦስት «አለሁ»። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል የተራው ብቻ፣ ከዚያ ደግሞ አራት ጊዜ ተከታትሎ። ከተራው ውጪ የመጡትን በእርሳስ እያሰመረች ቆጠረቻቸው። አርባ ሰባት ናቸው። የመጨረሻዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነች።

የሟቹን ዕቃ ከነባትሪዋ ፍሪዘር ውስጥ አስገባችና ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። ባትሪው ዕቃዋ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ያልተቀየረ፣ የዓመት ከሦስት ወር ዕድሜ ያለው ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ፍሪዘሩን ከፍታ እጇን ሰደደችና ቁልፉን ተጫነች። ዕቃዋ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ለቅጽበት ብልጭ ብላ ጠፋች። ሳይረን የለም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰሌዳ አረንጓዴ በራ፦ አለሁ፣ ባትሪዬም ደህና ነው። ደግማ ተጫነች። አረንጓዴ። ደግማ።

ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ተማሪ እንኳ የሚገባው ነገር። «አለሁ» ለማለት ጥቂት ኃይል ይበቃታል። ለመጮኽ ግን ያላትን ሁሉ አውጥታ ነው የምትጮኸው፤ ያረጀና የቀዘቀዘ ባትሪ ያን አይችልም። ልትጮኽ አፏን ስትከፍት ጉልበት ያጥራትና ትጠፋለች፤ ወዲያው ትነሣለች፤ ስትነሣ ደግሞ፣ ሚጡ እንዳስተማረቻት፣ ደህና ነኝ ትላለች። ባትሪውን የምትለካውም አርፋ ባለችበት ሰዓት ነው። የተቀመጠን ሰው «እንዴት ነህ» ቢሉት «ደህና» ይላል፤ ጉልበቱ ማለቁ የሚታወቀው ሩጥ ሲሉት ነው። ሚጡ ይህን ዓመት ሙሉ ያላየችው ሰኞ ሰኞ በገዛ እጇ አዲስ ባትሪ እየከተተች ስለነበር ነው። መጋዘን ውስጥ ሰኞ ሰኞ ባትሪ የሚቀይር ማንም የለም። ሰውየው አርባ ሰባት ጊዜ አድኑኝ ብሏል፣ እሷ የሠራቻት ዕቃ ደግሞ አርባ ሰባት ጊዜ ደህና ነው ብላ አስተርጉማለታለች። ሚጡ ፍሪዘሩ ላይ ተደግፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ወንድሟ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

«ስንት ናቸው ገበያ ላይ ያሉት?» አለ፣ እያወቀው።

«አራት መቶ አሥር። ግማሾቹ ዓመት አልፏቸዋል። ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሁሉም ጋ ደውለን ማስቆም አለብን።»

«ምን ብለን? ሰው ገድለናል ብለን?»

«አዎ።»

«ሚጡ፣ ስሚኝ። ሰኞ በየመጋዘኑ ሰው እልካለሁ። ‹የዓመት ጥገና ነው› ብለን የሁሉንም ባትሪ እንቀይራለን። አዲስ ባትሪ ዓመት ይይዝልናል፤ እስከዚያ አንቺ አስተካክለሽ ትጨርሻለሽ። ማንም አይጎዳም። ይሄ ነገር ከወጣ ግን አልቆልናል። እኛ ብቻ አይደለንም፤ በያጆቹም፣ ልጆቻቸውም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴትየዋንስ አስቢያት። ተኝቶ ነው የሄደው ብለን ነው ያጽናናናት። አሁን ሄደሽ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲጫን ነበር ልትያት ነው? ማንን ይጠቅማል?»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ለሚጡ በቀለላት። አባታቸው ከሞተ በኋላ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እየሠራ ያስተማራት፣ የመጀመሪያዋን ኮምፒውተር በጀርባው ተሸክሞ ቤት ያስገባላት ሰው ነው። ሪፖርቱን ራሱ ጻፈው፤ ሁለት መስመር ብቻ ነች፦ በመሣሪያው ላይ የተገኘ ጉድለት የለም፤ የአደጋ ጊዜ ቁልፉ ስለመጫኑ የተመዘገበ ነገር የለም። ሁለተኛው መስመር እንኳ ውሸት አልነበረም። ሚጡ ሁለቴ አነበበችውና ፈረመች። ያ ማክሰኞ ነው። እስከ ዐርብ ሦስት ቀን ሙሉ እህል ሳይወርድላት፣ ሰው ሲያናግራት ሁለቴ እያስደገመች፣ ሰኞ ይደርሳል እያለች ዝም አለች። በዚህ ዝምታ ማንም ሊፈርድባት ይችላል፤ እሷም በራሷ ፈርዳለች።

ከሪፖርቱ አንድ ቅጂ ለሟች ቤተሰብ መሰጠት ነበረበት። ዐርብ ከሰዓት ሚጡ ራሷ ይዛው ሄደች።

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ጥቁሯን እንደለበሰች ሲንገር የስፌት ማሽኗ ፊት ተቀምጣ የመጋረጃ ጠርዝ ትመታለች፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ቦታውን ይዟል። ሚጡን ስታይ ተነሥታ ወንበር በእጇ ጠረገችላት። ወረቀቱን ተቀብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀስ ብላ አነበበችው።

«እንግዲህ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ይሄን ወረቀት አስቀምጠዋለሁ። ሲብስብኝ እያነበብኩ፣ አልተጫነም፣ ተኝቶ ነው እያልኩ ልጽናና።»

«በርቱ እትዬ» ብቻ አለች ሚጡ።

«እበረታለሁ እንጂ። ልጄም አግኝታለች እኮ፣ አልሰማሽም? በአባቷ ቦታ ቀጠሯት። እሷው ናት ለምና የገባችው፤ ‹እማዬ፣ አንቺን በመርፌ ዓይንሽን እስክታጠፊ አላይም› ብላ። መጀመሪያ እምቢ ብያት ነበር። ኋላ ግን አሰብኩት። አባቷ ተኝቶ ነው እንጂ ነቅቶ ቢሆን ቁልፉን ይጫን ነበር። እሷ ወጣት ናት፣ ንቁ ናት። ሥራ የለቀቀ ጓደኛው ያደርጋት የነበረችውን ያችኑ ዕቃችሁን አንገቷ ላይ አድርገውላታል። ብትቸገር ትጫናለች።»

«መቼ ነው የጀመረችው?»

«ሰኞ። አሁንም እዚያው ናት፣ እስከ አሥራ አንድ።»

ሚጡ ከወንበሩ ተነሣች። ስልኳን አወጣች። የመጋዘኑን ኃላፊ ስታገኘው ሰላምታም አልሰጠችው።

«ሰዎቹን በሙሉ ከቀዝቃዛው ክፍል አስወጣቸው። አሁን፣ ስልኩን ሳትዘጋ። ሰሌዳውን አትመን። ዕቃዋ አትሠራም። አዎ፣ እኔ ነኝ የምለው፣ የሠራኋት እኔ። ሰው በዓይንህ ቆጥረህ አስወጣ።»

ስልኩ ውስጥ ሰውየው ሲጮኽ፣ በር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲጠራ ይሰማ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ሁሉም ወጥተዋል፣ ዘጠኝ ናቸው» አለ። ሚጡ ስልኩን ዘጋች። ወንድሟ ከእንግዲህ ምን እንደሚገጥመው ያወቀችው በዚያች ደቂቃ ነው፤ አሳዘናትም፣ ግን ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር አልነበረም።

ሴትየዋ እጇ ሲንገሩ መንኰራኩር ላይ እንዳለ ቀርቷል። «አትሠራም ማለት ምንድነው?» አለች።

ሚጡ መሬቱ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠችና ነገረቻት። ስለ ባትሪውም፣ ስለ ሰኞ ሰኞውም፣ ስለ ፈረመችው ወረቀትም። ሳታሳምር ነገረቻት።

«ስለዚህ ነቅቶ ነበር» አለች ሴትየዋ፣ ሚጡ ስትጨርስ።

«አዎ እትዬ።»

«ተጭኗል።»

«አዎ። ብዙ ጊዜ። ከዘጠኝ ከዐሥራ ሁለት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ከአርባ።»

«በተጫነ ቁጥር ዘበኛው ጋ አረንጓዴ ይበራል።»

«አዎ።»

ሚጡ ጥፊ ይሁን እርግማን፣ የሚመጣውን ለመቀበል አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ሴትየዋ ግድግዳው ላይ ዓይኗን ተክላ ስትናገር ድምፏ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ ነበር።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውዬ ነበር» አለች። «ዘበኛው ጋ። እሑድ ተረኛ ሲሆን አሥር ሰዓት አያልፍም፣ ሆዴን ቅር አለው። ጫማዬን አድርጌ፣ ነጠላ ነገር ደርቤ፣ ልሄድ በሩ ላይ ቆሜ ነው የደወልኩት። ‹አይዞሽ› አለኝ፤ ‹አለ፤ አሁን እያናገርኩሽ እንኳ ሁለቴ በራልኝ፣ ሥራ ይዞ ነው› አለኝ። እኔም ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ። ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ። እየዘፈንኩ ነበር መሰለኝ።»

ሚጡ መዝገቡ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ከሁለት ላይ ተከታትለው የመጡ ሁለት «አለሁ»ዎች እንዳሉ ታስታውሳለች፤ በእርሳስ ያሰመረችባቸው ናቸው። አልተናገረችም።

ሴትየዋ ሳታለቅስ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ሪፖርቱን አጣጥፋ ለሚጡ መለሰችላት።

«ተነሽ» አለቻት። «ልጄ ጋ እንሄዳለን። የነገርሽኝን ሁሉ ለሷም ትነግሪያታለሽ፣ አንቺው በአፍሽ፤ እኔ አልችልም። ተጭኖ እንደነበር፣ ማን እንዳጠፋ፣ ሁሉንም። ለመጋዘኑም፣ ለፖሊስም፣ ለፈለግሽው ተናገሪ። ደውዬ እንደነበር ግን እንዳትነግሪያት። ዘበኛውም አይናገር፤ ለቅሶ ሲመጣ ቀና ብሎ አላየኝም። ይቺን ለኔ ተይልኝ።»

ሚጡ ከአሁን በኋላ ምንም ላትደብቅ ገና ከደቂቃ በፊት ለራሷ ምላ ነበር። «እሺ እትዬ» አለች።

ሠራተኞቹ የመጋዘኑ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተኮልኩለው ቆመዋል፣ ኃላፊው ስልክ ላይ ይጮኻል። ልጅቱ እናቷን ስታይ ሮጣ መጣች። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ናት፣ ካፖርቱ ሰፍቷታል፣ ዕቃዋ ከላይ ተንጠልጥላለች። ሚጡ ጥግ ወሰደቻትና ለሁለተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። በዚህኛው ቁጥሩንም ነገረቻት፣ ልጅቱ ጠይቃታለችና። ልጅቱ አርባ ሰባት የሚለውን ስትሰማ ዕቃዋን ከአንገቷ በጥሳ መሬት ላይ ወረወረቻት።

«ሦስት ሰዓት ተኩል!» አለች እያለቀሰች። «ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ‹የት ደረሰ› ብሎ አልጠየቀም? አንድ ሰው?»

እናትየዋ ከሁለት እርምጃ ወዲያ ቆማለች።

«ማንም አልጠየቀም» አለች ሚጡ፣ ልጅቱን ዓይን ዓይኗን እያየች።